አንድ ቀዳዳ ይበቃል ወይስ አራት?

በእንፋሎት የሚሠራ ኃይል ማመንጫ የመግባት ዕድል ካጋጠማችሁ፣ ለቦይለሩ ውኃ ከሚገፋው ፓምፕ የምትነሳውን ቀጭን ቧንቧ ፈልጉ። ቦይለሩ ውኃ መቀበል ሲቀንስ ፓምፑ ውስጥ የታፈነው ውኃ እንዳይግል ጥቂቱን ወደመጣበት ታንከር የምትመልሰው እሷ ናት። ፓምፑ ከ100 ባር በላይ ይገፋል፤ ታንከሩ ውስጥ ያለው ግን ጥቂት ባር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ግፊት መንገድ ላይ ማን ይጨርሰው?

መሃሉ የተበሳ ብረት! ኦሪፊስ ይሉታል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው።

100 ባር በአንድ ቀዳዳ ብንጨርስ ውኃው በሰከንድ ወደ 140 ሜትር ይወነጨፋል፤ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግፊት ይወርዳል። ቀዳዳውን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጅረቱ ይበልጥ በሚቀጥንበት ቦታ፣ ግፊቱ ከመጠን በላይ ስለሚወርድ ውኃው እዚያው ይፈላል። አረፋዎቹ ወደፊት ሄደው ግፊቱ መልሶ ሲነሳ በኃይል ይጨፈለቃሉ። ካቪቴሽን ማለት ይህ ነው። አረፋ ሲመታው የከረመ ብረት ብታዩ ምስጥ የበላው እንጨት ይመስላችኋል።

ግፊቱን ተከታትለው ለተደረደሩ አራት ቀዳዳዎች (ደረጃዎች) እናካፍለውስ? እያንዳንዱ ቀዳዳ 25 ባር ሲወስድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ያው ውኃ በግማሽ ፍጥነት እንዲያልፍ ደግሞ የቀዳዳው ስፋት እጥፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ በቀላሉ አይደፈንም። እኔ ግን እኩል ማካፈሉን አልመርጥም። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አረፋን የሚከለክል ግፊት ስለሚያንስ፣ የፊተኞቹ ብዙ፣ የኋለኛው ጥቂት ቢወስዱ ይሻላል።



ደረጃ ማብዛት የማይፈታው ችግርም አለ። 150 ዲግሪ የሞቀ ውኃ 5 ባር ሳይሞላ ይፈላል። የታንከሩ ግፊት ከዚያ በታች ከሆነ አሥር ቀዳዳ ቢደረደር እንኳ ከውኃው የተወሰነው እንፋሎት መሆኑ አይቀርም። ያኔ የሚያዋጣው የመጨረሻውን ኦሪፊስ ታንከሩ አፍ ላይ ማሰር ነው፤ እንፋሎቱ ቧንቧውን ሳይቦረቡር በቀጥታ ታንከሩ ውስጥ ይለቀቃል።

እንግዲህ የደረጃ ቁጥር ከመምረጣችሁ በፊት የውኃውን ሙቀትና የመድረሻውን ግፊት ጠይቁ። ውኃው ቀዝቃዛ፣ የሚጨረሰው ግፊት ትንሽ፣ የመድረሻው ግፊትም በቂ ከሆነ ርካሹ ባለ አንድ ቀዳዳ ይበቃችኋል።