መስተዋት የመሰለው ውሃ

ከሁለታችን አባወራው ለግዳጅ ወደ ሩቅ ሥፍራ በተንቀሳቀሰ ጊዜ፣ የሰባት ዓመት ልጃችን እንዳይከፋት ብለን አንድ የመስተዋት ገንዳና ኒዮን ቴትራ የተባሉ አሥር ትናንሽ ዓሦች ገዛን። ልጅቱም አባቷ ሲመለስ ቆጥራ ልታስረክበው ቃል ገባች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ግን የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። በዚያ ሳምንት ለአባቷ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ የዓሦቹን ነገር ሳታነሳ አለፈች።

ኒዮን ቴትራ የደቡብ አሜሪካው የላይኛው አማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ነው። ሳይንስ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በጎኑ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር አለው፤ ከሥሩም ወደ ጅራቱ የሚዘልቅ ቀይ ቀለም ይታያል። ብቻውን መኖር አያውቅም። በመንጋ ሲዋኝ ጠላቱ አንዱን ነጥሎ ለመያዝ ይቸገራል፤ እያንዳንዱም በዓይኑና የውሃን ንቅናቄ በሚለየው የጎኑ ሕዋስ አማካይነት ርቀቱን ጠብቆ ይጓዛል። ሰልፍ የሚያውቅ አንባቢያችን ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቁጥራቸው ከስድስት ካነሰ ይደበቃሉ፤ ቀለማቸውም ይደበዝዛል።

የእኛዎቹን የገደላቸው ግን ብቸኝነትም ረሃብም አልነበረም። ውሃው መስተዋት መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ አሞንያ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ መርዝ ይፈጥራሉ። በቆየ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኛ ውሃ በሞላን ማግሥት አሥሩንም አስገባናቸው። ሁለቱ ሲሞቱ ደግሞ ደንግጠን ውሃውን በሙሉ ደፋን፤ ስፖንጁንም በቧንቧ ውሃ አጠብነው። መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ክሎሪን ባለው ውሃ የጨረስናቸው እኛው ነን።

ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንታት አዲስ ዓሣ አላስገባንም። ለሦስቱ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እየሰጠን፣ በየሁለት ቀኑ የውሃውን ሩብ ቀየርን፤ አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው በባልዲ አንድ ቀን እናሳድረዋለን። ስፖንጁን የምናጥበው ከገንዳው በቀዳነው ውሃ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈስሳለን፤ አየር ያገኛል።

በደጋ ሠፈር ለምትኖሩ አንድ ነገር እንጨምር። ቴትራ ከ21 እስከ 25 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚፈልግ ያለ ማሞቂያ አይዘልቅም። ማሞቂያ የሌለው ቤት ብርድን በተሻለ የሚችለውን፣ እንደ ቴትራ በመንጋ የሚዋኘውን ዜብራ ዳኒዮ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ገንዳው ሲረጋ ስድስት ቴትራዎች ጨመርን። አባቷ በፈቃድ ሲመጣ ልጃችን ዘጠኝ ቆጥራ አስረከበችው፤ የሞቱትንም ያን ጊዜ ነገረችው። ከዘጠኙ መካከል የቀድሞዎቹ ሦስት የትኞቹ እንደሆኑ በጣቷ ለይታ ታሳያለች። እኛ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልንም።