ለክፉ ቀን የሚሆን የቤተሰብ ስንቅና ዘር

በፎገራ ሜዳ ጎርፉ ከሸሸ በኋላ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ማሳቸውን ስንመለከት፣ «አባቴ፣ ምን ምን አተረፉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጆቹንም ከብቶቹንም አወጣን፤ ሽምብራው ግን ጎታው ውስጥ እንዳለ በሰበሰ። ይኸው ልጄ፣ መሬቱ ለዘር ደርሶ እኔ ባዶ እጄን ቆሜአለሁ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለው ጉዳት እንዳይደገም የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ገበሬውን እንዲረዱ ነው።

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ የሚገቡት ይህንን ሜዳ አቋርጠው ነው። ሐይቁ በሞላ ጊዜ ወንዞቹ መውረጃ አጥተው በሜዳው ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋና በኦሞ ወንዝ ዳር ብዙ ሕይወት የጠፋበት ጎርፍ በደረሰ ጊዜ የፎገራ ነዋሪዎችም ቤታቸውን ለቀው ለመውጣት ተገደዋል። ጎርፍ ሲመጣ ዕቃ ለመምረጥ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሰኔ ሳይገባ መጠናቀቅ አለበት።

1. ይዘው የሚወጡት

ለ5 ሰው ቤተሰብ የ3 ቀን ስንቅ እንደሚከተለው ይዘጋጃል።

ሀ) ውሃ፦ ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ሲታሰብ 45 ሊትር ይሆናል። ይኸውም ክዳናቸው የሚገጥም ሁለት ባለ 20 እና አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ነው። የጎርፍ ውሃ ሳይፈላ መጠጣት የለበትም።

ለ) ምግብ፦ እሳት የማይፈልገው ይመረጣል። በሶ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ቢታሰብ 7 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቢጨመር መልካም ነው።

ሐ) ጨውና ስኳር፦ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግን አይቀርም።

መ) ባትሪ፣ ክብሪት፣ ገመድ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስና አጎበር።

ሠ) የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የክትባት ካርድና ጥቂት ገንዘብ፤ ሁሉም በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ዕቃው በአንድ ከረጢት ተጠቃሎ በበሩ አጠገብ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ሴቶችና ልጆችም ቦታውን ሊያውቁት ይገባል።

2. ቀድሞ የሚቀመጠው

ዘር ተሸክሞ መሸሽ አይቻልም። በሄክታር 120 ኪሎ ሲታሰብ ለሩብ ሄክታር ሽምብራ ብቻ 30 ኪሎ ያስፈልጋል። ሆኖም ቤተሰቡን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያደርሰው ይኸው ዘር ነው። ውሃው ሲሸሽ በጥቁር አፈሩ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ለማብቀል ይበቃል፤ ይህ እርጥበት ግን ገበሬው ዘር እስኪያገኝ አይጠብቅም።

ስለዚህ ዘሩ እንደ ተወቃ ከምግብ እህል ይለይ። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ይድረቅ። ነቀዝ እንዳይበላው አየር በማያስገባ ከረጢት ታሽጎ፣ ጎርፍ ደርሶበት ከሚያውቀው ከፍታ በላይ በቆጥ ላይ ይቀመጥ። ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ እስከ 7 ቀን መጠበቅ ነው። 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው።

ጥንቃቄ፦ መድኃኒት የነካው ዘር ምንም ቢርብ አይበላም፤ ታጥቦም ቢሆን ያው መርዝ ነው።

3. የማኅበሩ ድርሻ

ሜዳው ላይ ያለ ቆጥ ሁሉ የሚሰጥምበት ዓመት ይኖራል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ከዘሩ ግማሹን በጉብታ ላይ በተሠራ የማኅበር መጋዘን ቢያስቀምጥ ይመረጣል። ከረጢቱ የባለቤቱ ስም፣ የዘሩ ዓይነትና ክብደት ይጻፍበት፤ መዝገቡም ለአባላት ሁሉ ግልጽ ይሁን። ዘሩ የጠፋበት አባል ከመጋዘኑ ተበድሮ በመኸሩ የሚመልስበት ደንብ ጎርፉ ሳይመጣ በጉባኤ ይወሰን። ጎርፍ ከመጣ በኋላ የሚጀመር ክርክር የዘር ጊዜውን ያሳልፋል።

የልማት ሠራተኛው በዓመት ሁለት ጊዜ ቤት ለቤት ቢቆጣጠር ይበቃል፤ በጥር ዘሩ መለየቱንና መድረቁን፣ በግንቦት ደግሞ ከረጢቱ መሰቀሉንና በሶው መታደሱን። በጉብኝቱ ጊዜ ባለቤቱን፣ «ዛሬ ሌሊት ውሃ ቢመጣ ነገ ምን ይበላሉ? በመስከረምስ ምን ይዘራሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለሁለቱም መልስ ያለው ቤት ተዘጋጅቷል።