እንዳሁላን በአበባው መለየት

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ወዳረፈበት ተራራ ሲወጣ አፈሩ እየሳሳ ድንጋዩ ይበዛል። እንዳሁላ የሚወደው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ በአለት ስንጥቅና በአጥር ካብ ላይ ሥር ይሰድዳል።

እንዳሁላን ለመለየት ከቅጠሉ መጀመር ይሻላል። የእሬት ቅጠል ከሥሩ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ጠርዙም እሾህ አለው። እንዳሁላ ግን ግንድ አለው፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ እንዳሁላ ወተት የለውም።

እርግጠኛው ምልክት አበባው ነው። የእሬት አበባ ስድስት ክፍል አለው። የእንዳሁላ ግን እንደ ቀጭን ቱቦ ሆኖ አፉ ላይ በአራት ይከፈላል፤ ውስጡ ስምንት የወንዴ ዘር ተሸካሚዎች አሉ። ቀና ብሎ መቆሙንም ልብ ይሏል፤ በየግቢው ለጌጥ የሚተከለው የማዳጋስካር ዘመዱ አበባውን ቁልቁል ያንጠለጥላል።

ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሐኪም በ1815 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ትዝብት ስለዚሁ የማዳጋስካር ተክል ነበር፤ ቅጠሉ ጠዋት ይጎመዝዛል፣ ከቀትር በኋላ ጉምዛዜው ይጠፋል። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ። ተክሉ ውኃ እንዳይተንበት የቅጠሉን ቀዳዳ የሚከፍተው ሌሊት ነው፤ ያኔ ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጦ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ምግብ ይሠራበታል። ይህ ብልሃት በእንዳሁላ ቤተሰብ ስም ይጠራል።

የአገራችን እንዳሁላ ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከመካከላቸው አንዱ በሳይንስ ስሙ ካላንኮዬ ፔቲቲያና ይባላል፤ መታሰቢያነቱ ለፈረንሳዊው ሐኪምና ተፈጥሮ አጥኚ አንቷን ፔቲ ነው። ፔቲ ኢትዮጵያ ውስጥ ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ በ1843 (እ.ኤ.አ.) ዓባይን ሲሻገር አዞ ገደለው። ኳርቲኒያና የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በጉዞ ባልደረባው በኳርታን ዲዮን ስም ተሰይሟል። አንዱን ዓይነት ከሌላው ለመለየት ቀለም ብቻ አይበቃም፤ የቱቦው ርዝመት፣ የቅጠሉ ጠርዝና ፀጉር አብረው መታየት አለባቸው።

በየአካባቢው የእንዳሁላ ቅጠል በእሳት ተለብልቦ እብጠት ላይ ይደረጋል። መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በካላንኮዬ ወገን ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ከብትም ይገድላሉ።

ስለዚህ ዳገቱ ላይ ካገኙት አይንቀሉት፤ አይቅመሱትም። አበባውን ከጎኑና ከፊቱ፣ ቅጠሉንም ከነጥንዱ ፎቶ አንሥተው አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ባለሙያዎች ያሳዩ።