ስለ ፈረስ ግልቢያ መምህራንና አሠልጣኞች የሙያ ማረጋገጫ ቃላት

1. መነሻ

አማርኛ ስለ ፈረስ ያለው የቃል ሀብት ጥቂት አይደለም። ኮርቻ፣ ልጓምና እርካብ የዕቃ ስሞች ናቸው፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳና ሽምጥ የአካሄዱንና የሩጫውን ዓይነት ይለያሉ፤ ጉግስ የጨዋታ፣ ባልደራስ የሹመት ስም ነው። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ በነበረበት አገር ይህ መሆኑ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ግልቢያን ማስተማር ፈተና የሚወሰድበት፣ ወረቀት የሚሰጥበትና ስም በመዝገብ የሚሰፍርበት ሙያ ሲሆን፣ የሚያስፈልጉት ቃላት ከዚህ የቆየ ሀብት ውስጥ በቀጥታ አይገኙም። ፈረሰኛነት በቤትና በሜዳ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ መምህሩን የሚያስመሰክርለት ሥራው እንጂ ወረቀቱ አልነበረምና።

ይህ ጽሑፍ በሌሎች አገሮች ለግልቢያ መምህራንና አሠልጣኞች የሚሰጡትን ማስረጃዎች ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ የሚያጋጥሙትን ችግሮች ለይቶ ለማሳየትና መፍትሔ ለመጠቆም ይሞክራል። ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። የመምህሩን ወረቀት ትርጕም አንብቦ ልጁን በፈረስ ጀርባ ላይ የሚያስቀምጥ ወላጅ፣ ወይም ሠራተኛ የሚቀጥር ድርጅት፣ የሚያምነው ተርጓሚው የመረጠውን ቃል ነው። አንዲት ቃል ያለ ጥንቃቄ ስትመለስ ላልተፈቀደለት ሰው ፈቃድ ልትሰጥ፣ የበቃውንም ሰው ከሥራ ልታስቀር ትችላለች።

2. «አሠልጣኝ» የሚሸከመው ጭነት

«ሠለጠነ» የሚለው ግስ ከ«ሥልጣን» ጋር አንድ ሥር አለው። በግእዝ «ሠልጠነ» ማለት ሥልጣን ያዘ፣ ገዛ ማለት ነው። በዛሬው አማርኛ ግን «አሠልጣኝ» የእግር ኳስ ቡድን የሚመራውንም፣ ወታደር የሚያስተምረውንም፣ የልብስ ስፌት የሚያሳየውንም ያጠቃልላል። በግልቢያ ረገድ ቢያንስ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት በዚሁ በአንዱ ቃል ሲመለሱ ይታያሉ፤ እነርሱም «ኢንስትራክተር»፣ «ኮች» እና «ትሬይነር» ናቸው።

«ኮች» የሚለው ቃል ታሪክ ለዚህ ርእስ የተለየ ቅርበት አለው። ቃሉ የመጣው በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ ይሠራባት ከነበረችው ኮች ከተባለች የሀንጋሪ መንደር ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን መምህር፣ ተሸክሞ ከግብ የሚያደርስ ሠረገላ አስመስለው «ኮች» አሉት፤ ከዚያም ቃሉ ወደ ስፖርት ተሻገረ። ስለዚህ በቃሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ከእውቀት ሰጪነት ይልቅ ሰውን ካለበት አንሥቶ ወደሚደርስበት ማድረስ ነው።

ይህ ልዩነት በማዕረግ ስሞች ላይ ጭምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው የብሪታንያ የፈረስ ማኅበር ለብዙ ዓመታት ይሰጣቸው የነበሩት ማዕረጎች ረዳት ኢንስትራክተር፣ መካከለኛ ኢንስትራክተር፣ ኢንስትራክተርና ከሁሉ በላይ ፌሎው የሚባሉ ነበሩ። በኋላ ማኅበሩ ፈተናዎቹን በደረጃ ቍጥር መልሶ ሲያደራጅ «ኢንስትራክተር» የሚለውን ቃል ትቶ «ኮች» የሚለውን ያዘ። በመሆኑም ከአንድ ማኅበር የወጡ ሁለት ወረቀቶች፣ አንዱ በቀድሞው ሌላው በአዲሱ ስም ተጽፈው፣ ከአንድ ተርጓሚ እጅ ሊደርሱ ይችላሉ። ሁለቱም «አሠልጣኝ» ተብለው ከተመለሱ፣ የአማርኛው አንባቢ የስሙን መለወጥም ሆነ የደረጃውን መለያየት የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

በእስራኤል ደግሞ ልዩነቱ የሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የስፖርት ሕግ «ማድሪክ»ንና «መአሜን»ን በየስማቸው ጠርቶ፣ የማረጋገጫ ወረቀት የሌለው ሰው በአንዱም ሆነ በሌላው ሥራ እንዳይሰማራ ይደነግጋል። በዚያ አገር ላሉ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚተረጕም ሰው ለሁለቱ አንድ ቃል ቢሰጥ፣ ሕጉ የለየውን እርሱ ቀላቀለው ማለት ነው።

3. የሚሠለጥነው ማን ነው?

«ትሬይነር» ከሁሉም ይልቅ አሳሳች ቃል ነው። በብሪታንያ የፈረስ እሽቅድምድም «ትሬይነር» የሚባለው የሩጫ ፈረሶችን ለውድድር የሚያዘጋጀው ሰው ነው፤ ሠልጣኙ ፈረሱ ነው። በጀርመን የፈረሰኞች ፌዴሬሽን ግን ሲ፣ ቢ እና ኤ በሚባሉ ደረጃዎች «ትሬነር» የሚባለው ሰው የሚያሠለጥነው ጋላቢውን ነው። ፈረሱን በመጋለብ የሚያሠለጥነው ሰው በጀርመንኛ «በራይተር» የሚል የራሱ ስም አለው።

በአማርኛ ችግሩ የሚባባሰው በ«የ» ዝርዝር ነው። «የፈረስ አሠልጣኝ» ስንል ፈረሱ የሚሠለጥነው ይሁን፣ ወይስ ሠልጣኙ ፈረስ መጋለብ የሚማር ሰው ይሁን፣ ሐረጉ ራሱ አይናገርም። ለዚህ ቋንቋችን ጥሩ መለያ አለው፤ እርሱም «ገራ» የሚለው ግስ ነው። ፈረስ ይገራል፤ ጋላቢ ይማራል። ነገር ግን መግራት ያልተገራውን እንስሳ ለሰው ማለማመድ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የተገራን የሩጫ ፈረስ ለውድድር የሚያበረታውን ባለሙያ «ፈረስ ገሪ» ማለት ከትርጕሙ ያሳንሰዋል። ለእርሱ «የሩጫ ፈረስ አሠልጣኝ» ማለት ይሻላል።

የፈረንሳይኛው «ሞኒተር» የሚጠይቀው ጥንቃቄ ደግሞ ሌላ ነው። በፈረንሳይ ቃሉ የታወቀ የግልቢያ መምህር መጠሪያ ሲሆን፣ በእኛ ትምህርት ቤቶች ግን «ሞኒተር» የክፍል አለቃ ነው። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ መውሰድ የባለሙያውን ማዕረግ ዝቅ ያደርጋል።

4. «ላይሰንስ»፦ አንድ ድምፅ፣ አራት ነገር

ተርጓሚን ከባድ ስሕተት ላይ የሚጥለው ግን የመምህሩ ስም ሳይሆን የወረቀቱ ስም ነው። «ላይሰንስ» ወይም «ሊሳንስ» የሚለው ቃል በአራት አገሮች ያለውን ትርጕም እናነጻጽር።

በእንግሊዝ ፈረስ እያከራየ ወይም ግልቢያ እያስተማረ የሚነግድ ድርጅት ከአካባቢው አስተዳደር ላይሰንስ ማውጣት አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የግልቢያ ድርጅቶች ሕግ ተወስኖ የነበረ ሲሆን፣ ከ2018 ወዲህ የእንስሳትን ደኅንነት በሚመለከት ደንብ ተተክቷል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለንግዱ ሥራ እንጂ ለእያንዳንዱ መምህር አይደለም፤ ለመምህሩ የብቃት ምስክር የሚሰጡት ማኅበራት ናቸው።

በጀርመን የትሬነር «ሊሴንስ» መንግሥት ለሥራ የሚሰጠው ፈቃድ ሳይሆን፣ ሥልጠናውን ፈጽሞ ፈተናውን ላለፈ ሰው የስፖርቱ ድርጅት የሚሰጠው ማስረጃ ነው። የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ በመሆኑ ባለቤቱ ተጨማሪ ትምህርት እየተከታተለ ያሳድሰዋል። ከዚህ ሌላ «ፕፌርደቪርት» የሚባል፣ በመንግሥት ደንብ የሚመራና ሦስት ዓመት የሚፈጅ የፈረስ ሙያ ትምህርት አለ፤ ሁለቱ መቀላቀል የለባቸውም።

በፈረንሳይ ደግሞ «ሊሳንስ» የጋላቢው የፌዴሬሽን የአባልነት ካርድ ነው፤ ጀማሪ ሕፃንም ይይዘዋል። በክፍያ ለማስተማር የሚያስፈልገው በአገሪቱ ሕግ የታወቀ የሙያ ዲፕሎማ ሲሆን፣ ባለ ዲፕሎማው ለመንግሥት አስታውቆ በየ5 ዓመቱ የሚታደስ የሙያ ካርድ ይወስዳል። የሚፈለገውን ማስረጃ ሳይዝ በክፍያ ያስተማረ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 15,000 ዩሮ መቀጫ ሊደርስበት ይችላል። እንግዲህ የፈረንሳዩን «ሊሳንስ» «የማስተማር ፈቃድ» ብሎ የመለሰ ተርጓሚ፣ ሕጉ በወንጀል የሚጠይቀውን ሰው ፈቃድ እንዳለው አድርጎ አቀረበ ማለት ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ግልቢያ ለማስተማር የሚጠየቅ አገር አቀፍ የመንግሥት ፈቃድ የለም። በማሳቹሴትስ ግን ክፍለ ግዛቱ ለግልቢያ መምህሩ ለራሱ በስሙ ላይሰንስ ይሰጣል። «የማስተማር ፈቃድ» የሚለው ትርጕም በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

5. አራቱ መለያዎች

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው የሚያሳየን፣ አማርኛ ቃል ያጣ ሳይሆን ያሉትን ቃላት በየቦታቸው ያላኖረ መሆኑን ነው። «ብቃት» በሰውየው ውስጥ ያለ ችሎታ ነው። «ምስክር ወረቀት» ያን ችሎታ ፈታኞች አይተው የመሰከሩበት ጽሑፍ ነው። «ፈቃድ» በሕግ ሥልጣን ያለው አካል «ሥራ» ብሎ የሚሰጠው መብት ነው። «ምዝገባ» ደግሞ ስምን በባለሙያዎች መዝገብ ማስፈር ነው፤ ለምሳሌ በብሪታንያው ማኅበር የኮቾች መዝገብ ለመስፈር ከፈተናው ውጤት ሌላ የመድን ዋስትና፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠናና የሕፃናት ደኅንነት ትምህርት ይጠየቃል። ሰው ብቃት ኖሮት ምስክር ላይኖረው፣ ምስክር ኖሮት ፈቃድ ላይኖረው፣ ወይም የቆየ ምስክር ይዞ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ ተርጓሚው ቃል ከመምረጡ በፊት ወረቀቱን አራት ነገር ይጠይቀው፦ ማን ሰጠው? ለማን ተሰጠ፣ ለሰው ወይስ ለድርጅት? ምን ለማድረግ? እስከ መቼ?

6. የቀረቡ አቻ ቃላት

የግልቢያ መምህር፦ የግልቢያን ሥርዓትና የፈረስ አያያዝን ለተማሪ የሚያስተምር፤ ለ«ኢንስትራክተር»፣ ለፈረንሳይኛው «ሞኒተር»ና ለ«ማድሪክ»።

የግልቢያ አሠልጣኝ፦ ጋላቢን እየተከታተለ ችሎታውን የሚያሳድግ፤ ለ«ኮች»፣ ለጀርመንኛው «ትሬነር»ና ለ«መአሜን»።

ፈረስ ገሪ፦ ያልተገራ ፈረስን ለኮርቻና ለልጓም የሚያለማምድ።

የሩጫ ፈረስ አሠልጣኝ፦ ፈረስን ለእሽቅድምድም የሚያዘጋጅ፤ ለብሪታንያው «ትሬይነር»።

የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት፦ በፈተና የተገኘ ማስረጃ። የአገልግሎት ዘመኑ የተወሰነ ከሆነ «የሚታደስ» የሚል ቅጽል ይጨመርበት፤ ለጀርመኑ «ሊሴንስ»።

የማስተማር ፈቃድ፦ መንግሥት ለመምህሩ በስሙ የሚሰጠው።

የድርጅት ፈቃድ፦ ለግልቢያ ቤቱ ወይም ለንግዱ የሚሰጠው።

የአባልነት ካርድ፦ ለፈረንሳዩ «ሊሳንስ»።

የደረጃ ስሞችን በተመለከተ የአንዱን አገር ደረጃ በሌላው አገር ደረጃ ስም መተርጐም አይገባም። ዋናው ስም በፊደላችን ተጽፎ፣ አቻው ቃልና የሰጪው ድርጅት ስም ይከተሉት፤ ለምሳሌ «የግልቢያ አሠልጣኝ፣ ትሬነር ቢ፣ የጀርመን የፈረሰኞች ፌዴሬሽን»። የአንዱ ማስረጃ ከሌላው ጋር እኩል ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ የቀጣሪውና የሚመለከተው ባለሥልጣን ድርሻ ነው። የተርጓሚው ድርሻ ወረቀቱ ያለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስ ነው።