ኬና እና መደብ ያጣው አልበም

ኬና ዘመድኩን አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ነው። «ኒው ሴክረድ ካው» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2003 በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል ሲያወጣ አብሮት የሠራው ኔፕቱንስ ከተባለው የፕሮዲውሰሮች ጥንድ አንዱ የሆነው ቻድ ሁጎ ነበር። ኔፕቱንስ የገነኑት በሂፕ ሆፕና በአር ኤንድ ቢ ነው፤ ይህ አልበም ግን ከሁለቱም አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ የእንግሊዝ ሲንተሳይዘር፣ የአልተርኔቲቭ ሮክ ጊታርና ከሂፕ ሆፕ የመጣ የድራም ምት ተቀላቅለው ትካዜ የተጫነውን የኬናን ድምፅ ያጅባሉ። ማሲንቆ ወይም ትዝታ የሚፈልግ አድማጭ አያገኝም። አልበሙን ማወቅ የሚጠቅመን በሌላ ምክንያት ነው፦ የሙዚቃ መደቦች የተበጁት ለአድማጭ ጆሮ ሳይሆን ለሻጭና ለሬዲዮ አመቺነት መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ማስረጃውን ደራሲው ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» በተባለ መጽሐፉ አቅርቦታል። ሙያውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች፣ ለምሳሌ በወቅቱ የዩቱ ቡድን ሥራ አስኪያጅ የነበረው ፖል መክጊነስና የአትላንቲክ ሪከርድስ ኃላፊ የነበረው ክሬግ ካልማን፣ ኬናን ሰምተው ተማርከው ነበር። በሎስ አንጀለሱ ሮክሲ ክለብ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ሲዘፍን አዳራሹ ከመሙላቱም በላይ ፊት ለፊት የቆሙት ግጥሙን በቃላቸው ያጅቡት ነበር። የገበያ ጥናት ድርጅቶች ግን ዘፈኖቹን ለብዙ ሰው አሰምተው ነጥብ ሲያሰጡ ዝቅተኛ ውጤት መጣ፤ ሬዲዮም ፊቱን አዞረ። ሮክ ወዳዱም አር ኤንድ ቢ ወዳዱም የሚጠብቀው ሌላ ነበር።

«ገበያውስ ጥናቱን አላረጋገጠም ወይ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አልበሙ ወዳጆች ቢያፈራም የሽያጭ ማዕበል አላስነሳም። ነገር ግን ሬዲዮ በጥናቱ ተመርቶ ሳያጫውተው ከቀረ በኋላ አልተሸጠም ብሎ ጥናቱን ማመስገን ራሱ ፈርዶ ራሱ መመስከር ነው። ጥናቱ የለካው አዲስ ነገር በመጀመሪያ ሲሰማ የሚፈጥረውን ግርታ እንጂ ሲደጋገም የሚመጣውን ፍቅር አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ የባለሙያ አድናቆት የጥቂቶች ጣዕም ነው። የሮክሲው ታዳሚ ግን ባለሙያ አልነበረም፤ ልዩነቱ ዘፈኖቹን ቀደም ብሎ ደጋግሞ መስማቱ ነው።

ነገሩ በኬና አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሙዚቃ ሰንጠረዥ አውጪው ቢልቦርድ የራፐሩን የሊል ናስ ኤክስን «ኦልድ ታውን ሮድ» የተባለ ዘፈን ካንትሪነቱ አይበቃም ብሎ ከካንትሪ ሰንጠረዡ አስወጣው። ካንትሪንና ትራፕን የቀላቀለው ይኸው ዘፈን በዋናው ሰንጠረዥ ለ19 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ልዩነቱ ሊል ናስ ኤክስ በኢንተርኔት በኩል አድማጩን ቀድሞ ማግኘቱ ነው፤ ኬና የነበረበት ዘመን ያንን በር ገና እየከፈተ ነበር። በአገር ቤትም ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ሮክን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ማጋባት እንደሚቻል አሳይቷል።

ዛሬ በአዲስ አበባው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ አያትም ሆነ ሰሚት፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ በኮምፒዩተር አልበም የሚቀዳ ወጣት መደብ ላይገጥመው ይችላል። የኤፍ ኤም አዘጋጆች «ይሄ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አጫውቱት።