የግል ተልዕኮ ከዕቅድ ይለያል

የግል ተልዕኮ መግለጫ ብዙ ጊዜ ከዕቅድ ጋር ይምታታል። «ማስተርሴን እይዛለሁ» ዕቅድ ነው፤ ዲግሪው ሲያዝ ያበቃል። ተልዕኮ አንድ ሰው ለማንና በየትኛው እሴት እንደሚሠራ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

እሴት ደግሞ ያማሩ ቃላትን በመደርደር አይገኝም፤ ዋጋ የተከፈለባቸውን ያለፉ ውሳኔዎች መለስ ብሎ ማየት ይሻላል። ሁለት ሦስት እሴት ይበቃል።

ወባ በሚበዛበት ጋምቤላ የምትሠራ ነርስ እሴቷ «አክብሮት» ነው እንበል። ቃሉ ብቻውን ብዙም አያሠራትም። «አኙዋክም ሆነ ኑዌር፣ ታካሚዬ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለ3 ቀን እንደሚወስድ በቋንቋው ሳይረዳ አይሄድም» ብላ ስትጽፍ ግን፣ ወረፋው በረዘመበት ቀንም አስተርጓሚ ትፈልጋለች።

በከባድ ውሳኔ ጊዜ መንገድ የማያሳይ መግለጫ እንደገና መጻፍ አለበት።