ሞተር በክረምት ይፈታል፤ በአጨዳ ይፈተናል

አሰላን መካከል አድርጎ ከኢተያና ከሁሩታ እስከ ሳጉሬና በቆጂ የተዘረጋው የአርሲ ደጋ በስንዴና በቢራ ገብስ አምራችነቱ በሀገር አቀፍ ደረጃ የሚታወቅ አካባቢ ነው። የአካባቢው አርሶ አደር ትራክተርንና ኮምባይነርን ከብዙ አካባቢዎች ቀድሞ ለምዷል። ዛሬም በርካታ አነስተኛ ማሳ ያላቸው አርሶ አደሮች መሬታቸውን በኪራይ ትራክተር ያሳርሳሉ፤ የደረሰ ስንዴያቸውንም በኩንታል ሂሳብ እየከፈሉ በኮምባይነር ያሳጭዳሉ።

ይህ ልማድ የቆየ ታሪክ አለው። በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላን ማዕከል አድርጎ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ እየተባለ የሚጠራው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ለአርሶ አደሩ ካስተዋወቁት ፈር ቀዳጆች አንዱ ነው። በዚያው ዘመን ሰፋፊ መሬት የያዙ ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞችን ከእርሻ ማፈናቀላቸውም በታሪክ ተመዝግቧል። ያኔ ትራክተር ለጭሰኛው ስጋት ነበር፤ አሁን ግን ባለ ትንሽ ማሳው አርሶ አደር ራሱ ተራ ይዞ የሚጠብቀው አገልግሎት ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ማሽነሪዎች ከቀረጥና ከታክስ ነጻ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱም ባለማሽኖችን አበረታቷል።

ማሽን በተስፋፋ ቁጥር ታዲያ ብልሽቱም የጋራ ይሆናል። ኮምባይነሮች አጨዳውን ከቆላማው ማሳ ጀምረው እህሉ እየደረሰ ሲሄድ ወደ ደጋው ይወጣሉ፤ ዋናው ሥራም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠናቀቃል። አንድ ኮምባይነር በታኅሣሥ ወር ሞተሩ ቢነክስ የሚቆመው የባለቤቱ ገቢ ብቻ አይደለም። ወረፋ የያዙ አርሶ አደሮች ስንዴ ማሳ ላይ ይቆያል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣ እህሉ በዛላው ላይ ይበቅላል፤ ደርቆ ከቆየ ደግሞ ይረግፋል። በዚህ ጥድፊያ መካከል ማሳ ዳር፣ በአቧራና በነፋስ ውስጥ የሚፈታ ሞተርም ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ተመልሶ ይፈታል።

በመሆኑም ከፍተኛ ጥገና የሚያስፈልገው ሞተር መፈታት ያለበት ማሽኑ ሥራ በሚፈታበት በክረምት ነው። ዘር ካለቀ በኋላ ለትራክተር፣ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት ለኮምባይነር፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የተመቸ ነው። ያን ጊዜ መለዋወጫ ለማፈላለግ፣ ብረት ቤት ልኮ ለማስቀረጽና ለመለካት ፋታ ይገኛል።

ከመፍታት መመርመር ይቅደም

ጉልበት ያነሰው ሞተር ሁሉ አይፈታም። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አሰላ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በዚህ ከፍታ ሲሠራ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ጉልበቱ ይቀንሳል። በቆላ በደንብ ይሠራ የነበረ ትራክተር ወደ በቆጂ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ቢያበዛ ፒስተኑ አልቋል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው፣ ቀጥሎም የናፍጣ መርጫ አፍንጫዎቹ ይታዩ። ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የናፍጣ ፖምፓው ብዙ እንዲረጭ ማድረግ ጭሱን ያበዛል፤ ፒስተኑንም ያቃጥላል።

ሞተሩ በእርግጥ መፈታት እንዳለበት የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ራዲያተሩ ውሃ እየጨረሰ የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ፣ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዘይት ግፊት ከወረደ፣ በመተንፈሻው በኩልም ጭስ በኃይል ከወጣ የውስጥ አካላቱ ተበልተዋል። እነዚህ ከታዩ በኋላ የየሲሊንደሩ እምቅታ በመለኪያ ተፈትሾ ውጤቱ በወረቀት ይጻፍ።

የራዲያተር ክዳን ነገርም በደጋ የተለየ ትኩረት ይሻል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ውሃ አሰላ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ ያለቀ ወይም በጨርቅ የተተካ ክዳን ሞተሩን ያፈላል፤ የፈላ ሞተር ደግሞ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመማል። በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ክዳን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ጥገናን ያስቀራል።

የሰው ደኅንነት

ትራክተር ከመኪና የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። የመኪና ሞተር በሻሲ ላይ የተቀመጠ ነው። በአብዛኞቹ ትራክተሮች ግን ሞተሩ ራሱ የፊቱንና የኋላውን አካል አያይዞ የሚይዝ የሰውነቱ ክፍል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሊወርድ ሲል ትራክተሩ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ግማሽ በየራሳቸው ጠንካራ ቋሚ መደገፍ አለባቸው። የፊት አክስሉ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ በመሆኑ በሁለቱም በኩል የእንጨት ሽብልቅ ካልገባበት የፊቱ ክፍል ተገልብጦ ሰው ሊጨፈልቅ ይችላል። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አይሆንም፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ ማሽን ሥር መግባት ነፍስን መወራረድ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ ይታገቱ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ቀድሞ ይነቀል። ራዲያተር በሞቀበት አይከፈትም። የሞተር ማንሻው ሰንሰለት የሚሸከመው ክብደት አስቀድሞ ይታወቅ፤ የተንጠለጠለ ሞተር ሥር እጅም እግርም አይግባ።

የአሰላ ክረምት ቀዝቃዛ በመሆኑ የጋራዥ በር ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መሥራት የተለመደ ፈተና ነው። ዕቃ በቤንዚን በሚታጠብበት ቤት ከሰል ማቀጣጠል እሳት መጥራት ነው፤ ዕቃ በናፍጣ ይታጠብ፤ ያም ቢሆን ከእሳት ርቆ ይሁን። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳትም እንዲሁ አደጋ ነው። ከጭሱና ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ አልባ ጋዝ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ሌላው ብዙዎች የሚንቁት አደጋ የናፍጣ መርጫ አፍንጫ ነው። ሲፈተሽ የሚወጣው ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ስለሚረጭ ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ትንሽ ሊመስል፣ መጀመሪያም ላያም ይችላል። ሆኖም ናፍጣው ሥጋውን ከውስጥ ስለሚገድለው ጣት ወይም እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሳያድር፣ የሆነውን ነገር ለሐኪሙ እየተናገረ፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ሲፈታ በቅደም ተከተል፣ ሲመረመር በልኬት

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ውጫዊ አካሉ ታጥቦ ይደርቃል፤ ዘይቱና ውሃው በዕቃ ይቀዳል። የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይና ወደ ወንዝ አይፈስም፤ ቆዳን ስለሚጎዳም በባዶ እጅ ደጋግሞ አይነካም። ቱቦዎችና ገመዶች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ክፍት የቀረ ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ነገር ይደፈናል።

የቴስታታ ብሎኖች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከዳርና ከዳር ወደ መሐል፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት እየተባሉ ይላላሉ። አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው ማለፍ ቴስታታውን ያጣምመዋል። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች በተቀደደ ካርቶን ላይ ከ1 ጀምሮ በየቁጥራቸው ይሰካሉ። ቢዬላና ቆቡ አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ ቆብ ለሌላው አይሆንም፣ አቅጣጫውም አይዞርም። ከመፈታታቸው በፊት ቁጥራቸው ይታይ፤ ከሌላቸውም ምልክት ይደረግ። የፊት ጥርሶቹ የሚናበቡበት ነጥብም ሳይነቀሉ በፊት ይታይ። የናፍጣ ፖምፓ ግን ጋራዥ ውስጥ አይከፈትም፤ መፈተሻ ማሽን ላለው ባለሙያ ይላካል።

ቀጣዩ ሥራ መለካት ነው። በዓይን ደህና የሚመስል ሲሊንደር ሞላላ ሆኖ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የሲሊንደሩ ስፋት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። የኮላዶቃው መቀመጫዎች በማይክሮሜትር ይለካሉ። የቴስታታው ፊት በቀጥታ ማስመሪያና በስስ ብረት መለኪያ ይፈተሻል። ኮላዶቃው ከተቀረጸ በተቀረጸበት ልክ የተዘጋጀ ብሮንዚኒ ይገባለታል፤ የተለመዱት ልኮች 0.25፣ 0.50 እና 0.75 ሚሊ ሜትር ናቸው። የሰው ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆኑን ላሰበ፣ በግምት የተገጠመ ብሮንዚኒ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ግልጽ ነው።

ሲገጠም ንጽሕና፣ ሲጠብቅ መለኪያ

አቧራ የሞተር ዋነኛ ጠላት ነው። ከተቀረጸ በኋላ በዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ አዲሱን ብሮንዚኒ በጥቂት ሰዓታት ያበላሻል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ በብሩሽ ይታጠባሉ፤ በአየር ይነፋሉ። የሚገጠም አካል ክር በማይተው ጨርቅ ይጠረጋል፤ የሚሽከረከረውና የሚፋተገው ሁሉ ዘይት ይቀባል። የፒስተን ቀለበቶች ክፍተት በአንድ መስመር እንዳይገጥም ይበተናል። አንድ ቆብ በጠበቀ ቁጥር ኮላዶቃው በእጅ ይዞራል፤ እምቢ ካለ ሥራው ወደፊት አይሄድም፤ ምክንያቱ እዚያው ይፈለጋል።

ብሎን በክንድ ጉልበት ሳይሆን የጥብቀት ኃይልን በሚለካ ቁልፍ፣ አምራቹ በመጽሐፉ ባስቀመጠው ልክና ቅደም ተከተል ይጠብቃል። የቴስታታው ከመሐል ተነስቶ ወደ ዳር፣ በሁለትና በሦስት ዙር ነው። የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የጥርሶቹ ነጥብ ይናበብ። በብዙ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር የማቀጣጠል ተራው 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ የሌላው ማሽን ግን ከራሱ መጽሐፍ ይታያል።

የመጀመሪያው ማስነሳት

አዲስ የተገጠመ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ዘይቱና ውሃው ይሞላል፤ ከናፍጣ መስመሩ አየር ይወጣል፤ ናፍጣው ተዘግቶ ሳለ የዘይት ግፊት እስኪታይ ይሽከረከራል። የፖምፓው መቆጣጠሪያ ከነከሰ ሞተሩ ልጓም እንደበጠሰ ፈረስ ዙሩ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያውን የሚገጥም ጠፍጣፋ እንጨት በቅርብ ይዘጋጅ፤ በእጅ ወይም በጨርቅ ለመድፈን ከቶ አይሞከር። በማራገቢያው አንጻር ማንም አይቁም።

ሞተሩ ተነስቶ ግፊቱ ከተረጋገጠ በኋላ ባዶውን ለረጅም ጊዜ ማጉረምረም ለአዲስ ቀለበት አይበጅም። መጀመሪያ ቀለል ባለ ሥራ፣ ቀስ በቀስ ጫን ባለ ሥራ ይለማመድ። የመጀመሪያው ዘይትና ፊልትሮ ከ50 ሰዓት ሳያልፍ ይቀየር፤ አምራቹ የሚያዝ ከሆነ የቴስታታው ብሎንና የቫልቭ ክፍተት እንደገና ይታይ። በመስከረም የተጠናቀቀ ሞተር ይህን ሁሉ በጥቅምት ጨርሶ ኅዳርን ይቀበላል።

ከባለቤቱና ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

ባለማሽኑ፣ ግለሰብም ሆነ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የሞተር ሥራ ሲያሠራ አራት ነገር ይጠይቅ። እነርሱም ሞተሩ ተፈትቶ የተለካበት ልኬት በጽሑፍ፣ የተለወጠው ዕቃ ዝርዝር፣ የወጡት አሮጌ ዕቃዎች፣ እንዲሁም ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት የሚያይበት ቀን ናቸው። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ እነዚህን ለማሳየት አይከብደውም። ከዚያ በኋላም የሥራ ሰዓት መዝገብ ተይዞ ዘይት እንደ ሞተሩ ዓይነት በየ200 ወይም በየ250 ሰዓቱ ይቀየር፤ በአጨዳ ወቅት የአየር ማጣሪያ በየዕለቱ ይታይ።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በጊዜ እንዲደርስ እንደሚከታተሉት ሁሉ፣ በወረዳቸው የሚሠሩ ትራክተሮችና ኮምባይነሮች የትኞቹ ለሥራ ዝግጁ እንደሆኑ በነሐሴ መዝግበው ቢያውቁ ኅዳር ላይ ከመደናገጥ ይድናሉ። አሰላ የግብርና መሣሪያዎች ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ በአቅራቢያዋ በቁሉምሳም የእርሻ ማሽነሪ ሥልጠና ተሰጥቷል። የጋራዥ መካኒኮችን በመለኪያ አጠቃቀምና በሥራ ደኅንነት ለማሠልጠን ይህ ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ማይክሮሜትርና አንድ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ለአንድ ጋራዥ ቢከብድ፣ ለጋራዦች ማኅበር ወይም ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ግን አይከብድም።

አርሶ አደሩ ዘሩን በሰኔና በሐምሌ ሲዘራ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነሩ እንደሚደርስለት አምኖ ነው። ያ እምነት በመካከሉ ባሉት የክረምት ወራት በጋራዥ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ያርፋል።